የታግ ቲም ጓደኛዬ ሊያቆም ነው፤ እኔስ?

ጥያቄ፦ 25 ዓመቴ ነው። የምኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ነው። በሳምንቱ ቀናት ዴሊቨሪ እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በትናንሽ የሬስሊንግ ዝግጅቶች ላይ ከጓደኛዬ ጋር በታግ ቲም፣ ማለትም ጥንድ ሆነን እጅ እየተነካካን በየተራ እየገባን እጫወታለሁ። አሁን እሱ አንገቱን ተጎድቶ ሐኪም አቁም ብሎታል። ሕዝቡ የሚያውቀን ሁለታችንን አንድ ላይ ነው። ብቻዬን ልቀጥል ወይስ እኔም ትቼ ሌላ ሥራ ልፈልግ? እናቴ «ይሄ ሥራ አይደለም» ትለኛለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጓደኛህን እግዜር ይማርልህ።

ሥራ ነው ወይስ አይደለም ከሚለው ልጀምር። ሥራ ነው። ሰው ከትከሻህ በላይ አንስተህ ሳትጎዳው መሬት ማሳረፍ ቀላል ነገር አይደለም። የታግ ቲም ሙያ ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። ጓደኛህ ውስጥ እየተደበደበ አንተ ከገመዱ ውጪ ቆመህ ሕዝቡን ታነሳሳለህ። ትንፋሹን ትከታተላለህ። እጁን መቼ እንደሚዘረጋ ታውቃለህ። ስትገባ ድካሙን ትሸፍንለታለህ። የሌላ ሰው አካል በአደራ ተቀብለህ በሰላም መመለስ የለመድክ ሰው ነህ። ይህን ቀጣሪ ፊት ቆመህ ሳታፍር ተናገረው።

ልቀጥል ወይስ ልተው ላልከው፣ ሰውነትህ ጤነኛ ከሆነ ቀጥል። ግን ቀጣዩን ሥራህን ሪንግ ውስጥ እያለህ፣ ከዚህ ወር ጀምር። አንገት ከተሰበረ በኋላ የሚጀመር ሥራ በጣም ከባድ ነው።

ታዋቂዎቹን የታግ ቲም ጥንዶች ዱድሊ ቦይዝን ታውቃቸዋለህ፤ ቡባ ሬይና ዲቮንን። እ.ኤ.አ. በ2005 ከትልቁ የሬስሊንግ ኩባንያ ከደብሊው ደብሊው ኢ ሲወጡ ዱድሊ የሚለውን ስም ይዘው መሄድ አልቻሉም። ስሙ የኩባንያው ነበር። ለዓመታት ሕዝብ ሲጮህላቸው የኖረውን ስም ትተው ቲም ስሪ ዲ ተባሉ። ከዚያ ግን ፍሎሪዳ ውስጥ የሬስሊንግ ማሠልጠኛ ከፍተው ወጣቶችን ማስተማር ያዙ። በኋላ ዲቮን ከካሜራ ጀርባ ፕሮዲዩሰር ሆነ። ቡባ ሬይ የሬዲዮ አቅራቢ ሆነ። በ2018 አንድ ላይ የኩባንያው የክብር መዝገብ፣ ሆል ኦፍ ፌም፣ ገቡ። ሰዎች የሚያስታውሱት ጠረጴዛ ሲሰብሩ ነው። እኔ የማደንቀው ግን ትምህርት ቤቱን ነው፤ የሚያውቁትን ገና እየተጫወቱ ወደ ሌላ ገቢ ቀየሩት።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የእናንተ የቲም ስም የማን ነው? ዝግጅቱን የሚያዘጋጀው ፕሮሞተር ነው ያወጣው ወይስ እናንተ? የሁለታችሁ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ሲሸጥ ገንዘቡን እንዴት ትካፈላላችሁ? በቃል ብቻ ከሆነ አሁኑኑ በወረቀት አድርጉት። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ስሙ የእናንተ ከሆነና ዋጋ ካለው በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ ይቻላል። ጓደኛህ ሪንግ መግባት ቢያቆምም ድርሻው አይቆምም። በእሱ ፎቶ የምትሸጠው ነገር የእሱም ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ ወዳጅነትን የሚያፈርሰው ሳይነጋገሩ መቅረት ነው። ሐኪሙ ከፈቀደና ምንም አወዳደቅ ከሌለበት፣ ማናጀርህ ሆኖ ከጎንህ መቆምም ይችላል። ሕዝቡ ሁለታችሁን አንድ ላይ ማየቱን አያጣም።

ሦስት ጓደኛሞች የሆኑበትን የደብሊው ደብሊው ኢ ቡድን ኒው ዴይንም አስብ። ቢግ ኢ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ከሪንግ ውጪ ሲወድቅ አንገቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ በተንታኝነት ሠርቷል። ሌላው ጓደኛቸው ዣቪየር ዉድስ ደግሞ ገና በ2015 የቪዲዮ ጌም የዩቲዩብ ቻናል ከፍቶ ነበር። ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን በ2019 የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ሲሆን በአፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው ነበር። እሱም ወደ ሬስሊንግ የገባው ከቦስተን ኮሌጅ ከተመረቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሬስለሮች፣ ትልቁ ኩባንያ ውስጥ ያሉትም ጭምር፣ የሚሠሩት እንደ ተቋራጭ እንጂ እንደ ተቀጣሪ አይደለም። አንተም ክፍያህ በ1099፣ ማለትም ለተቋራጭ በሚሰጠው የታክስ ፎርም፣ ከሆነ ታክሱን የሚቆርጥልህ የለም። ከትርፍህ ወደ 15.3 በመቶ የሚሆን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ራስህ ትከፍላለህ፤ የገቢ ግብሩ ከዚያ በላይ ነው። በካሽ ተቀብሎ ዝም ማለት ያጓጓል። ግን ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ፣ ታክስ በተከፈለበት ገቢ የሚቆጠር 40 ክሬዲት ያስፈልግሃል፤ በዓመት ከ4 በላይ አይገኝም። ያልተመዘገበ ገቢ አይቆጠርልህም።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ኢንሹራንስ ነው። በወላጆችህ ኢንሹራንስ ውስጥ ከሆንክ 26 ሲሞላህ ትወጣለህ። ያ ቀን ሳይደርስ የራስህን ያዝ። ኢንሹራንስ በሌለህ ቀን ሪንግ እንዳትገባ፤ አንድ ቀንም ቢሆን።

ስለ ሙያ ካነሳህ፣ ለአንተ መጀመሪያ የሚታየኝ የፊዚካል ቴራፒ ረዳትነት፣ ማለትም የተጎዳን ሰው በእንቅስቃሴ እንዲያገግም መርዳት ነው። በኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ 2 ዓመት ይወስዳል፤ ፈቃድ ፈተናም አለው። ሰው እንዴት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚያመው በገዛ ሰውነትህ ታውቃለህ። ጎን ለጎን ፕሮሞተርህን ጠይቀህ ጀማሪዎችን አሠልጥን፤ ዳኝነትም ሞክር፤ የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ሲወጣ አጠገባቸው ተቀመጥ። እዚያው ቴክሳስ፣ በሂውስተን አካባቢ፣ ቡከር ቲ የራሱን ማሠልጠኛና ፕሮሞሽን ይመራል። ከወንድሙ ጋር ሃርለም ሂት ተብሎ 10 ጊዜ ደብሊው ሲ ደብሊው የሚባለው የቀድሞ የሬስሊንግ ኩባንያ የታግ ቲም ሻምፒዮን የነበረው ሰው ነው። ሄደህ ሥራው እንዴት እንደሚመራ ብታይ ትጠቀማለህ።

እናትህን በተመለከተ፣ የጓደኛህን አንገት አይተው ፈርተዋል ብዬ እገምታለሁ። «ሥራ አይደለም» ያሉትን እንደ ንቀት አትውሰደው። የኢንሹራንስ ካርድህንና የኮሌጅ ምዝገባህን ይዘህ ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጥና አሳያቸው። ከዚያ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ አንሳላቸው።