ከሄይቲ ርዕደ መሬት በኋላ፦ ስለ ሚሽነሪዎች፣ ስለ እምነትና ስለ እርዳታ ጠይቁኝ

ነርስ ነኝ። ሄይቲ ከፈረሰች ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን የሕክምና ቡድን ጋር ሄጄ አሥር ወር ቆየሁ። ሰሞኑን ነገሩን አንስቼ ጥያቄው ጎረፈ፤ ዛሬ እመልሳለሁ። ሚሽነሪ እንዲሞገስለትም እንዲሰደብለትም የመጣ ሰው ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ያገኛል።

ሲስተር፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ባጭሩ ምን ነበር የሆነው?

ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 12፣ 2010። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ነበር። መጠኑ 7.0፣ መነሻው ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦ ፕሪንስ በስተምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሌኦጋን አጠገብ። የሄይቲ መንግሥት ከ300,000 በላይ ሰው ሞቷል ብሏል፤ ከ100,000 ጀምሮ የሚገምቱም አሉ። 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ቤተ መንግሥቱም ካቴድራሉም ፈረሱ። ሊቀ ጳጳሱ ጆሴፍ ሰርዥ ሚዮ ሞቱ።

በዚያው ዓመት ቺሊን የመታው ከዚህ ይበልጥ አልነበረም እንዴ? እዚያ እንዲህ አላለቁም።

በጣም ይበልጥ ነበር እንጂ። ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የመጣው የቺሊው 8.8 ነው። የሞተው ግን ወደ 500 ሰው ነው። አንዱ ምክንያት የሄይቲው ጥልቀቱ 13 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑና መነሻውም ከተማዋ ሥር ማለት መሆኑ ነው። ዋናው ግን ቤቱ ነው። ቺሊ በ1960 በ9.5 ከተመታች ወዲህ የሕንፃ ደንቧን አጥብቃለች። ሄይቲ ውስጥ ያየሁት ኮንክሪት በጣቴ ስፈገፍገው ይፈረፈራል። ፌሮው ቀጭንና ልሙጥ ስለሆነ ሲሚንቶው አይዘውም። ጣሪያው ደግሞ ለአውሎ ነፋስ ተብሎ ከባድ ኮንክሪት ነው። ለነፋሱ ይበጃል። መሬት ስትነቃነቅ ግን ወለሎቹ እንደ እንጀራ ተነባብረው ይወርዳሉ። ድሃ ሲሚንቶ ይቆጥባል፤ ምን ያድርግ።

ይቅርታ ካስቀየምኩ፤ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው የሚሉ አገልጋዮች ሰምቻለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?

አልተቀየምኩም፤ እኔም ሰምቻለሁ። ፓት ሮበርትሰን የሚባል አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ሰባኪ በማግሥቱ ሄይቲያውያን ከፈረንሳይ ለመላቀቅ ከሰይጣን ጋር ተዋውለው ነበር ብሎ ተናገረ። ሬሳ ገና ከፍርስራሽ እየወጣ! ነገሩ በ1791 በፈረንሳይ ሥር የነበሩት ባሮች ለአመፅ የተነሱበትን የሌሊት የአምልኮ ሥርዓት ይመለከታል። ውል ከተነሳ እኔ ሌላ ወረቀት አውቃለሁ። ሄይቲ በ1804 ነፃ ወጣች። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከብ ልካ ለቀድሞ ባሪያ ፈንጋዮች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ክፈዪ አለቻት። በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም ዕዳው ለትውልድ ተረፈ። ቅድም ያልኩት ሲሚንቶ ለምን እንደሳሳ የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር።

አብረውኝ የሠሩ ሚሽነሪዎች ያንን ንግግር ሲሰሙ አፈሩ። ከመሃላቸው አንዱ ሽማግሌ «እኔ የምቀብረው ልጅ ምን ተዋዋለ?» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሚሽነሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተግባር ምን ሠሩ? ከጸሎት ሌላ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ዓይነት እንለይ። አንደኛው ድሮውኑ እዚያ የሚኖረው ነው፤ የአገሬውን ቋንቋ ክሪዮልን የሚናገር፣ ልጆቹን እዚያ ያሳደገ። ሁለተኛው እንደ እኔ ዜና አይቶ የመጣው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የእነዚያኞቹ ነበሩ። አየር ማረፊያው ያለው አንድ ማኮብኮቢያ ነው። በአውሮፕላን ስለተጨናነቀ ሐኪምና መድኃኒት የጫኑት ሳይቀሩ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ይመለሱ ነበር። ቆመው የተረፉ የሚሲዮን ሆስፒታሎች ግን በራቸውን ከፈቱ። ዋና ከተማዋ አጠገብ ዲኪኒ የሚገኘው የአድቬንቲስት ሆስፒታል ግቢ በቁስለኛ ሞልቶ ነበር።

ለሕክምናው ጉጉት ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እግሩ ብሎኬት ሥር ለሰዓታት የቆየ ሰው ሲወጣ ደህና ይመስላል፤ ያወራል፣ ውሃ ይጠይቃል። ጫናው ሲነሳ ግን ከተጎዳው ጡንቻ የወጣው ፖታሲየም በደሙ ይሰራጫል፤ ልብን ሊያቆም ይችላል። ከዚያ የተረፈውንም ኩላሊቱን ይጥለዋል። ስለዚህ ከተቻለ ብሎኬቱ ሳይነሳ በፊት ግሉኮስ ሳይሆን የጨው ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ ኩላሊቱ ከደከመ ዳያሊሲስ፣ ማለትም ደሙን በማሽን ማጣራት፣ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ አዛኝ ሰው እየጎተተ አውጥቶ እጁ ላይ ይሞትበታል። እንዲህ የሆነበትን አንድ ወጣት ፓስተር አውቃለሁ። እኔ ስደርስ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር፤ ገና እጁን ይታጠባል።

እህት ዓለም፣ ከሚሽነሪዎቹ መሃል የሞቱ አሉ?

አሉ፣ ብዙ። በስም የማነሳት ብራዚላዊቷን የሕፃናት ሐኪም ዚልዳ አርንስን ነው። እናቶች ቤታቸው ውስጥ በጨውና በስኳር ለተቅማጥ ሕመምተኛ የሚጠጣ ፈሳሽ እንዲያዘጋጁ ያስተማረ የካቶሊክ አገልግሎት መሥርታ ነበር። ፖርት ኦ ፕሪንስ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ንግግር ልታደርግ ሄዳ እዚያው ሕንፃው ወደቀባት።

ልጆች ሊያስወጡ ሲሉ የተያዙት አሜሪካውያንስ? ፖለቲካ ነበር ወይስ እውነት?

እውነት ነበር። ጃንዋሪ 29 ቀን አሥር አሜሪካውያን ባፕቲስቶች 33 ልጆች በአውቶቡስ ጭነው ወደ ዶሚኒካን ድንበር ሲሄዱ ተያዙ። ወላጅ አልባ ናቸው አሉ። ሲጣራ አብዛኞቹ ወላጅ አላቸው። እናትና አባት ትምህርት ያገኛሉ ተብለው በእጃቸው የሰጧቸው ናቸው። መጀመሪያ በጠለፋ ተከሰሱ፤ በኋላ ከመሪያቸው በቀር ተለቀቁ። እሷም ቀለል ባለ ክስ ተፈርዶባት የታሰረችው ጊዜ ተቆጥሮላት ወጣች።

ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ግን ወረቀት የሌለውን ልጅ ድንበር ማሻገር በየትኛውም አገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ እኛም ሕፃን ይዘን መንገድ ስንሻገር ሰው ይገላምጠን ጀመር።

እህል የሚሰጡት ለተጠመቀ ብቻ ነበር ይባላል።

እኔ ባየሁት አልነበረም። ድብቅብቅ ያለ ነገር ግን ነበር። አንድ ቡድን ሩዝ ከማከፋፈሉ በፊት የአንድ ሰዓት ስብከት ያስቀድም ነበር። የተራበ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ «አሜን» ቢል ምኑ ይገርማል? ቀይ መስቀልና ብዙ የእርዳታ ድርጅቶች በ1994 የተስማሙበት ደንብ እርዳታ የፖለቲካም የሃይማኖትም አቋም ማራመጃ አይሁን ይላል። ቡድኑን ይህን ብዬ ሞገትኩት። መሪያቸው ተቆጣኝ፤ በሳምንቱ ስብከቱን ከሩዙ በኋላ አደረገው። ግማሹ ሰው ሩዙን ይዞ ሄደ፣ ግማሹ ቁጭ አለ። የቀሩት ደስ ብሏቸው ነው የቀሩት።

በነገራችን ላይ ትልቁን የሩዝ እደላ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ነው ያስተካከለው። ኩፖን ለሴቶች ብቻ ሰጠ። ወጣት ወንዶች እየተጋፉ እህሉን ስለሚነጥቁ ነበር። 25 ኪሎ ጆንያ በራስዋ ተሸክማ ሽቅብ የምትወጣ አሮጊት አየሁ። ላግዝዎት ስላት ሳቀችብኝ።

የራስሽ እምነትስ? አልተናወጠም?

ተናውጧል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መጸለይ አቃተኝ። ድንኳን ውስጥ ተኝቼ ሌሊት ሌሊት መዝሙር እሰማ ነበር። የሚዘምሩት ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ናቸው። ጧት ሲገናኙ «ቦንዲዬ ቦን» ይባባላሉ፤ እግዚአብሔር ቸር ነው ማለት ነው። በመጀመሪያ አናደደኝ። አንዷን አስተርጓሚያችንን እንዴት ትያለሽ ብዬ ጠየቅኳት፤ ሁለት ወንድሞች ቀብራለች። «ምን ልበል ታዲያ?» አለችኝ። ንዴቴ ያን ቀን በረደ። ፕሬዚዳንቱ ሬኔ ፕሬቫል በፌብሯሪ በካርኒቫሉ ፋንታ የሦስት ቀን ጸሎት ሲያውጁ ከእነሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ መጸለይ ችያለሁ፤ ግን አጭር ነው።

ኮሌራውን ያመጡት የእርዳታ ሰዎች ናቸው?

ሚሽነሪዎች አይደሉም። በኦክቶበር 2010 ሚርባሌ አጠገብ ካለ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ካምፕ የወጣ ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ ገባ። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ድርጅቱ ይቅርታ የጠየቀው በ2016 ነው፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ።

እኔም አደጋ ሲደርስ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ መሄድ እፈልጋለሁ። ልብስም ሰብስበናል። ምን ትመክሪኛለሽ?

ልብሱን ተዉት። ክረምት ኮት የመጣልን ቀን ሙቀቱ ያቃጥል ነበር። ገንዘብ ላኩ፤ እዚያው ገበያ ይገዛበታል፣ ነጋዴውም ይተርፋል። አንተ ሙያ ካለህ፣ የራስህን ውሃ፣ ምግብና መኝታ ይዘህ የምትሄድ ከሆነ፣ ከሁሉ በላይ የሚቀበልህ የአገሬው ሰው ካለ ሂድ። ይህ ከሌለህ፣ የሚበላው ሩዝ ላይ አንድ አፍ ነው የምትጨምረው። እኔ ራሴ ክሪዮል ሳላውቅ በመሄዴ የመጀመሪያውን ወር ሰው ሳስቸግር ነው የከረምኩት።

የመጨረሻ፦ ከክሪዮል ትዝ የሚልሽ ቃል አለ?

«ጉዱጉዱ»። ርዕደ መሬቱን የሚጠሩት እንዲህ ነው፣ በድምፁ። ክሊኒካችን ደጃፍ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። ልጆቹ ይደረደሩበትና አንዱ ጫፉን ይዞ እያነቃነቀ «ጉዱጉዱ!» ይላል። ሁሉም እየጮሁ ወደ ሜዳ ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ልከለክላቸው ተነሳሁ። አስተርጓሚዋ ክንዴን ያዘችኝ።