ፊደል በዙም፦ ልጆቹ ገበታውን በቃል ይዘው ማንበብ ሲያቅታቸው

መምህርት፣ ውጭ አገር የሚያድጉ ከ6 እስከ 9 ዓመት ልጆችን በዙም ፊደል እንደሚያስተምሩ፣ ገበታውን በቃል እንደሚወጡት፣ ነጥለው ሲያሳዩአቸው ግን እንደማያውቁት ጽፈው ሥዕልና ቪዲዮ ልጨምር ወይ ብለዋል። አሁን አይጨምሩ። መጀመሪያ ጆሮ፣ ዓይንና እጅ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥራ ይኑራቸው።

ገበታው በተርታ ሲባል የሚሠራው ጆሮ ብቻ ነው። «ለ ሉ ሊ» ዜማ ስለሆነ ዓይን ሳያይም ይወጣል። በቄስ ትምህርት ቤት አቡጊዳ ያለው ለዚህ ይጠቅማል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል የለመዱት ተርታ ይፈርሳል። እርስዎም በአንድ ቀን አንድ ረድፍ ብቻ ይያዙ፤ ሰባቱን በ7 ካርድ ጽፈው በውዘው ያሳዩ።

ሥዕል ፊደልን ይጋርዳል። «ሎሚ» ከሚለው ቃል አጠገብ የሎሚ ሥዕል ካለ ልጁ ሥዕሉን አይቶ ይመልሳል። ቃሉ ብቻውን ይታይ፤ ካነበበው በኋላ ሥዕሉ በሚቀጥለው ስላይድ ይምጣ።

ለእጅ ሁለተኛ ስልክ ያስፈልጋል። መጻሕፍት ደርድረው ካሜራው ቁልቁል እንዲያይ ከወረቀቱ 30 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ አድርገው ያስተኙት። በዚያ ስልክ ሲገቡ ማይኩንም ድምፁንም ይዝጉ፤ አለዚያ ሁለቱ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። መብራቱ በማይጽፉበት እጅ በኩል ይሁን። በወፍራም ማርከር እየጻፉ የሚለወጠውን ብቻ ይናገሩ፦ «ወገቡ ላይ በቀኝ፣ ሉ። እግሩ ላይ በቀኝ፣ ሊ። እግሩ ላይ ቀለበት፣ ሌ።»

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፦ ልጁ የጻፈውን «ሉ» ለካሜራ ሲያሳይ በራሱ ስክሪን ላይ ቅጥያው በግራ ይታየዋል። ለእርስዎ ትክክል ነው፤ ለእሱ ግን መስታወት ነው። ትክክል የጻፈውን ሰርዞ ወደ ግራ ያዞረዋል። ወላጆች በዙም የቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ «ሚረር ማይ ቪዲዮ» የሚለውን ያጥፉላቸው።

«ሁላችሁም በሉ» በዙም አይሠራም። ድምፁ በየቤቱ እየዘገየ ይመጣል፤ ዙምም የጮኸውን አጉልቶ ሌላውን ያፍናል። ሁሉም ማይክ ዘግተው ይበሉ፤ ተራ የደረሰው አንድ ልጅ ብቻ ይክፈት። ሲከፍት ካርዱን ይቀይሩበት፤ ጓደኛው ያለውን እንዳይደግም።

«ተ» እና «ጠ»ን፣ «ከ» እና «ቀ»ን ግን በቀጥታ ክፍል አያርሙ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ስህተቱ የልጁ ይሁን የመስመሩ አይለይም። ስድስት ቃላት ሰጥተው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ያስልኩ፤ እርማቱንም በድምፅ ይመልሱ፣ የተሳሳተውን ቃል ሁለት ጊዜ በዝግታ ብለው። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ስለሚዘጋ ይህ ሥራ ከክፍሉ መውጣቱ ለእጅ ጽሕፈቱ 10 ደቂቃ ያተርፍልዎታል።