ወጉም ሳይጎድል፣ ሰርጉም የእናንተ እንዲሆን

እህቴ፣ ጥያቄሽ «ቤተሰብ ወጉ አንድም ሳይጎድል ይፈጸም ይላል፣ እኛ ደግሞ የራሳችን መልክ ያለው ሰርግ እንፈልጋለን፤ ማንንም ሳናስቀይም ከየት እንጀምር?» የሚል ነው። በመጀመሪያ «ወግ» የሚለውን በጅምላ ይዛችሁ ከቤተሰብ ጋር አትቀመጡ። እንደዚያ ከሆነ «ወጉን ናቃችሁት»፣ «እናንተ አትረዱንም» ከመባባል አታልፉም። ወጉ መዘርዘር አለበት።

ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ሥርዓት በየመስመሩ ጻፉ። በአጠገቡ ትርጉሙን፣ የማን ድርሻ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ቢቀር ደግሞ ማን እንደሚያዝን አስፍሩ። ዋናው የመጨረሻው ነው። ማንም የማይሟገትለት፣ ሌላው ሰርግ ላይ ስለታየ ብቻ የሚደረግ ነገር ወዲያው ይለያል። ለእናንተ ትንሽ የመሰላችሁ ደግሞ ለአንዲት አያት የሰርጉ ልብ ሆኖ ይገኛል። ለየብቻ ሞልታችሁ አስተያዩ፤ ቤተሰብ ፊት ከመቅረባችሁ በፊት ሁለታችሁ አንድ ቃል ሁኑ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ወላጅ አነጋግሩ። ሙሽራው ለአማቱ «ይህ ይቅር» ቢል ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል። ንግግሩንም ከሚቀረው ሳይሆን ከምትጠብቁት ጀምሩ።

በየሥርዓቱ ውስጥ ፍሬና ልባስ አለ። ቃል ኪዳኑ፣ ምርቃቱ፣ ወላጅ የሚቆምበት ቦታ ፍሬ ነው። የልብስ ቀለም፣ ጌጥ፣ ሙዚቃ፣ የመጥሪያ ካርድ፣ የአዳራሽ አደረጃጀት ልባስ ነው፤ የራሳችሁን መልክ በነፃነት አስገቡበት። ፍሬውን ግን ወይ ሙሉ አድርጉት ወይ በግልጽ ተዉት። በጥድፊያ በግማሽ የተፈጸመ ምርቃት የሚያውቁትን ያስቀይማል፣ ለማያውቁት ደግሞ ትርጉም አይሰጥም። ሁለት የተለያየ ወግ ያላቸው ቤተሰቦች ከሆኑም አታደባልቁ፤ አንዱ ተፈጽሞ ሲያልቅ ሌላው ይጀመር፣ በመካከሉ አንድ ሰው በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ትርጉሙን ለእንግዳው ያስረዳ። ራሳችሁ የጻፋችሁትን ቃል በሃይማኖታዊው ሥርዓት ላይ ለማንበብ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ካልተፈቀደ አትከራከሩ፤ በግብዣው ላይ አንብቡት፣ ክብሩ አይቀንስም።

ብዙ ሰርግ የሚበላሸው ግን በሰዓት ነው። 200 እንግዳ እየተሰለፈ ቢጨብጣችሁ፣ ለአንዱ 15 ሰከንድ ቢደርሰው 50 ደቂቃ ነው። 6 ሰው 5 ደቂቃ ተብሎ ተነሥቶ 10 ደቂቃ ቢናገር አንድ ሰዓት ያልቃል። ልብስ መቀየር ፀጉርና ሜካፕ ከተነካካበት 40 ደቂቃ ሊበላ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲደማመር የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠውም አብዛኛውን ጊዜ የሙሽሮቹ የራሳቸው ሐሳብ ነው! ስለዚህ የእናንተን ነገር መሀል ላይ አስገቡት፤ በየሁለት ሰዓቱም 15 ደቂቃ ባዶ ተዉ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የሚከፍል ሰው ድምፅ አለው። ከመቀበላችሁ በፊት «ይህ ለምን እንዲውል ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተቀበሉ በኋላ መከራከር በጣም ከባድ ነው። የእንግዳ ዝርዝር ላይ ስም በስም አትጨቃጨቁ፣ ቁጥር ተከፋፈሉ። አዳራሹ 180 የሚይዝ ከሆነ 60 ለሙሽራዋ ቤተሰብ፣ 60 ለሙሽራው ቤተሰብ፣ 60 ለሁለታችሁ። አንድ ሰው የሚጨምር ከራሱ ኮታ አንድ ይቀንስ። አክስት ይቅር ጎረቤት ይምጣ የሚለውን ያ ቤተሰብ ራሱ ይወስን።

የሚቀረውንም የሚለወጠውንም ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በወረቀት በተጻፈ መርሐ ግብር፣ ከሁለቱም ወገን ለሚከበር አንድ አንድ ሽማግሌ አስረዱ። በዕለቱ የሚያጉረመርም ዘመድ ቢኖር መልስ የሚሰጡት እነሱ ይሁኑ፤ ሙሽሮች በሰርጋቸው ቀን ማብራሪያ ሰጪ መሆን የለባቸውም።