የተስማማንበት የመኪና ዋጋ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሊጨመርብኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ በጥቅምት ወር አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የመኪና አስመጪ ድርጅት የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ከሽያጭ ሠራተኛው ጋር ሁለት ቀን ተከራክረን፣ በፕሮፎርማው ላይ የነበረው 3,550,000 ብር ወደ 3,400,000 ብር እንዲወርድልኝ ተስማማን። ሠራተኛው የታተመውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን ዋጋ በእስክሪብቶ ጻፈ፣ አጠገቡ ፈረመ፣ ማኅተምም አስመታበት። ፕሮፎርማው ለ15 ቀን የሚጸና ነበር። በዘጠነኛው ቀን 300,000 ብር በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ አስገብቼ «ለመኪና ግዢ የተከፈለ» የሚል ደረሰኝ ተቀበልኩ። መኪናው በአንድ ወር እንደሚደርስ፣ ቀሪውን ስረከብ እንደምከፍል በቴሌግራም ተጻጽፈናል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ደውለው «ምንዛሪ ጨምሯል፤ ዋጋው 4,100,000 ብር ሆኗል። ሠራተኛውም ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን የለውም። ካልተስማማዎት ብርዎን ይውሰዱ» አሉኝ። ሌላ የፈረምኩት ውል የለም። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርዎ ሥራ አስኪያጁ «ብርዎን ይውሰዱ» ያሉት ነገር፣ በገለጹልኝ ሁኔታ፣ በሕግ መሠረት የሌለው መሆኑን ነው። የከፈሉት ገንዘብ ቀብድ ነው ቢባልም፣ የዋጋው ከፊል ክፍያ ነው ቢባልም፣ ሻጩ የተቀበለውን 300,000 ብር ብቻ መልሶ ከግዴታው ነፃ ሊወጣ አይችልም። ይህ የሚሆነው ግን በመካከላችሁ ውል ተደርጓል ከተባለ ነውና መጀመሪያ እሱን እንይ።

የመኪና ሽያጭ እንደ ቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚባል ውል አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የጽሑፍን ግዴታ ያስቀመጠው ለማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የሁለቱ ወገኖች ፈቃድ በአንድ ዋጋ ላይ ተገናኝቷል ወይ የሚለው ነው። በሾውሩሙ መስታወት ላይ የተለጠፈ ዋጋ ወይም ለሕዝብ የተበተነ የዋጋ ዝርዝር በቁጥር 1687 መሠረት ሻጩን የሚያስገድድ የውል ሐሳብ ሆኖ አይቆጠርም። በእርስዎ ስም የተዘጋጀና የሚጸናበት ጊዜ የተወሰነለት ፕሮፎርማ ግን ከዚህ ይለያል። ጊዜ ወስኖ የውል ሐሳብ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ እንደሚገደድ ቁጥር 1690 ይደነግጋል። እርስዎ ደግሞ በዘጠነኛው ቀን ገንዘብ በመክፈል ተቀብለውታል። ከዚያ በኋላ የ15 ቀኑ ማለፍ ለውጥ አያመጣም፤ ቀኑ የተወሰነው ለመቀበያ እንጂ የተቀበሉት ዋጋ እንዲያረጅ አይደለምና።

ሠራተኛው ሥልጣን አልነበረውም የሚለው መከራከሪያ ቀላል ባይሆንም በእርስዎ ጉዳይ ላይ የሚያዋጣ አይመስለኝም። በቁጥር 2195 መሠረት፣ ሦስተኛ ወገን አንድን ሰው የድርጅቱ ወኪል ነው ብሎ እንዲያምን በቃሉ፣ በአድራጎቱ ወይም በዝምታው ያደረገ ድርጅት፣ ወኪሉ ለሠራው ሥራ ኃላፊነት አለበት። ሠራተኛው በድርጅቱ ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ በድርጅቱ ወረቀት ጽፎ፣ የድርጅቱን ማኅተም አስመትቷል፤ ድርጅቱም ገንዘቡን በራሱ ሒሳብ ተቀብሎ አምስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብሏል። የላኩልኝን ቅጂ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ፤ የማኅተሙ ጠርዝ «3,400,000» ከሚለው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዜሮዎች ላይ ያረፈ ይመስላል። ይህ ማኅተሙ የተመታው ዋጋው በእጅ ከተስተካከለ በኋላ መሆኑን የሚያሳይ ከሆነ ትልቅ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ዋናውን ወረቀት በምንም ምክንያት ለድርጅቱ እንዳይመልሱ፣ ላሚኔትም እንዳያስደርጉት አደራ እላለሁ፤ ቀለሙና ማኅተሙ በፎረንሲክ እንዲመረመር ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል። ደግሞም የሥልጣን ጉዳይ የሚያከራክረው በቅናሹ 150,000 ብር ላይ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሠራተኛው መቀነስ አይችልም ቢባል እንኳ ድርጅቱ ራሱ ያተመው ዋጋ 3,550,000 ብር ነው፤ 4,100,000 ብር ከየት እንደመጣ በሥልጣን ማነስ ሊብራራ አይችልም።

የምንዛሪውን ጉዳይ በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። የውሉ አፈጻጸም ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ካሰበው በላይ ቢከብድበትም ውሉ እንደጸና እንደሚቆይ ቁጥር 1764 ይናገራል። የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርም ሆነ ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣት፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደማይባል ቁጥር 1794 ይዘረዝራል። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሲደርስ ያየ አስመጪ፣ የብር ዋጋ መዋዠቁን አልጠበቅሁትም ለማለት ይቸግረዋል። ይህን ስጋት ወደ ገዢው ማዛወር የፈለገ ሻጭ «ዋጋው በምንዛሪ ለውጥ ይስተካከላል» ብሎ በውሉ ይጽፋል፤ ብዙዎቹም ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ሐረግ ካለ በቁጥር 1731 መሠረት በእናንተ መካከል ሕግ ስለሚሆን መልሴ ይለወጣል። እባክዎን የፕሮፎርማውንና የደረሰኙን ጀርባ፣ በግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ ያንብቡ።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ልምጣ። የከፈሉት 300,000 ብር ቀብድ ነው ወይስ ከዋጋው ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ? በገበያ ሁለቱን ቃላት እያቀላቀልን እንናገራለን፤ በሕግ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ቀብድ መቀበል ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው (ቁጥር 1883)፤ ነገር ግን ከውሉ መውጫ በርም ነው። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለው ደግሞ እጥፍ አድርጎ መልሶ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ ክፍያው ቀብድ ከተባለ ድርጅቱ 600,000 ብር ከፍሎዎት መሄድ ይችላል። ይህ ለሰሚው ከባድ ቅጣት ይመስላል። ነገር ግን ያንኑ መኪና ለሌላ ሰው በ4,100,000 ብር ቢሸጠው በ700,000 ብር ብልጫ ስለሚሸጥ፣ ከኪሱ የሚወጣውን 300,000 ብር ቅጣት ቀንሶ 400,000 ብር ያተርፋል። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ አነስተኛ ቀብድ ገዢውን የሚጠብቅ መስሎ ሻጩን ነው የሚጠብቀው። ይህን በቢሮዬ በተደጋጋሚ ስላየሁ ያሳስበኛል።

በደረሰኝዎ ላይ «ቀብድ» የሚል ቃል አለመኖሩ ጠቅሞዎታል። «ለመኪና ግዢ የተከፈለ» የሚለው አባባል፣ በቴሌግራም ከተጻጻፋችሁት «ቀሪው» ከሚለው ቃል ጋር ሲነበብ፣ ገንዘቡ የዋጋው ከፊል ክፍያ መሆኑን ያመለክታል የሚል ክርክር ማቅረብ ይችላሉ፤ እኔም የምመክርዎ ይህንኑ ነው። ከፊል ክፍያ ከሆነ ሻጩ በራሱ ፈቃድ የሚወጣበት በር የለውም።

የሚጠይቁትን ዳኝነት በተመለከተ፣ መኪናው ራሱ እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ሆኖም በቁጥር 2330 መሠረት ገዢው ተመሳሳይ ዕቃ ያለ ችግርና ያለ ከፍተኛ ወጪ ከሌላ ቦታ ሊገዛ የሚችል ከሆነ በግዴታ ማስፈጸም ላይፈቀድለት ይችላል። ያ ሞዴል በከተማው በሌሎች ነጋዴዎች እጅ ካለ ይህ እንቅፋት ይገጥምዎታል። ስለዚህ በአማራጭ የከፈሉት ገንዘብ ከወለድ ጋር እንዲመለስና የዋጋው ልዩነት በኪሣራ መልክ እንዲከፈልዎ ይጠይቁ። ለዚህም ከሌላ ሻጭ ለዚያው ሞዴል የዛሬ ቀን ያለበት ፕሮፎርማ አሁኑኑ ያውጡ። ክፍያው ቀብድ ነው ቢባል ደግሞ እጥፉ እንዲከፈልዎ ሦስተኛ አማራጭ አድርገው ያስገቡ።

ከክሱ በፊት ግን ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነው (ቁጥር 1772)። በደብዳቤው ዋጋው 3,400,000 ብር መሆኑን፣ ቀሪውን 3,100,000 ብር ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን፣ በ15 ቀን ውስጥ መኪናውን እንዲያስረክቡ ገልጸው በሪኮማንዴ ይላኩ ወይም አስፈርመው ይስጡ። በስልክ የሚደረግ ክርክር ምንም ዱካ ስለማይተው ሥራ አስኪያጁ ሲደውሉ በጽሑፍ እንዲያሳውቁዎ ይጠይቋቸው። ምናልባት «በደረሰኝ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርገውና በመሃል እንገናኝ» ቢሉዎ አይቀበሉ፤ ታክስ መሰወር ከመሆኑም በላይ፣ በቁጥር 2005 የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ስለሆነ፣ ነገ መኪናው እንከን ቢገኝበት በእጅ የሰጡትን ትርፍ ብር መከፈሉን ለማስረዳት ይቸገራሉ።

ገንዘቡን ሊመልሱልዎ ቼክ አዘጋጅተው «ሙሉ በሙሉ ተረክቤአለሁ፤ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካቀረቡልዎ አይፈርሙ። ሳያማክሩዎት በባንክ ሒሳብዎ ቢያስገቡት ደግሞ በማግስቱ፣ ገንዘቡን የተቀበሉት በኪሣራ ጥያቄዎ ላይ ታሳቢ እንዲሆን እንጂ ውሉ እንዲፈርስ ተስማምተው አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈው ቅጂው ላይ ያስፈርሙ።