ለፊልም ካሜራ የሚሆን ፍላሽ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፔንታክስ ኬ1000 አለኝ። ለዲጂታል ካሜራ የተሠራ ዘመናዊ ፍላሽ ያገለግለዋል?

መልስ፦ መብራቱ ይበራል፤ ሆኖም ቲቲኤል የሚባለው (በሌንሱ በኩል በሚገባው ብርሃን ልክ የፍላሹን መጠን በራሱ የሚወስነው) አሠራሩ ከእርስዎ ካሜራ ጋር ስለማይግባባ የብርሃኑን መጠን እርስዎ ራስዎ መወሰን ይኖርብዎታል። ስለዚህ ኃይሉ በእጅ የሚስተካከል፣ ወይም ፊቱ ላይ የራሱ የብርሃን መለኪያ ያለው ፍላሽ ይምረጡ። እኔ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም እንደ ቪቪታር 283 ያሉት ከሚነሣው ሰው ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን ለክተው በበቃ ጊዜ ስለሚያቋርጡ፣ ሰው በሚንቀሳቀስበት ሠርግ ላይ በየፎቶው ርቀት ከማስላት ያድናሉ።

ጥያቄ፦ ጋይድ ነምበሩ (የፍላሹን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር) ትልቅ የሆነውን ልግዛ?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ቁጥሩ ለርቀቱ ሲካፈል የሌንሱን ቀዳዳ ይሰጣል፤ በአይኤስኦ 100 (አይኤስኦ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ ነው) ቁጥሩ በሜትር 32 የሆነ ፍላሽ 4 ሜትር ላይ ለቆመ ሰው ኤፍ 8 ይፈልጋል። አይኤስኦ 400 ፊልም ሲያስገቡ ያው 32 ወደ 64 ስለሚያድግ፣ ፈጣን፣ ማለትም አይኤስኦው ከፍ ያለ ፊልም መምረጥ ትልቅ ፍላሽ መግዛትን ሊተካ ይችላል። ብርሃኑን ወደ ኮርኒስ አዙረው የሚያነሡ ከሆነ ግን መንገዱ ስለሚረዝምና ኮርኒሱም ከፊሉን ስለሚያስቀር ትርፍ ኃይል ያስፈልግዎታል፤ እንዲያውም ከቁጥሩ ይልቅ ጭንቅላቱ ወደ ላይ መታጠፉን ያረጋግጡ። አምራቾች ቁጥሩን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የፍላሹ ዙም ብርሃኑን አጥብቦ በሚሰበስብበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ሁለት ፍላሾችን ሲያወዳድሩ ዙሙ 35 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን ያለውን ቁጥር ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የፎቶው ግማሽ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው ፍላሹ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የሹተሩ (ፊልሙን ለብርሃን የሚከፍተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ፍጥነት ከማመሳሰያው፣ ማለትም ከፍላሽ ጋር ከሚሠራበት ከፍተኛ ፍጥነት ሲያልፍ ፍላሹ በሚበራበት ቅጽበት መጋረጃው የፊልሙን ከፊል ሸፍኖ ይገኛል። የእርስዎ ኬ1000 ማመሳሰያ 1/60 ነው፤ ከዚያ የዘገየ ፍጥነት ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ አሮጌ ፍላሽ ካሜራ ያቃጥላል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው። ከቀደምቶቹ አንዳንዶቹ በእግራቸው (ካሜራው ላይ በሚሰካው ክፍል) መገናኛ ላይ ከ200 ቮልት በላይ አላቸው። ሜካኒካል ካሜራ ብዙውን ጊዜ ይችለዋል፤ ኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት ያለው ግን ሊጎዳ ይችላል። ፍላሹን ሞልተው በእግሩ መካከለኛ ነጥብና በጎኑ ብረት መካከል ያለውን ቮልት በመልቲሜትር ይለኩ። ሳጥኑን ግን አይክፈቱ፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር ባትሪው ከወጣ በኋላም አደገኛ ቮልት ይይዛል።

ጥያቄ፦ የእኔ ስፖትማቲክ የተባለው የፔንታክስ ካሜራ ኤክስ እና ኤፍፒ የሚሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። ገመዱን የት ልሰካ?

መልስ፦ ኤክስ ላይ። ኤፍፒ አንድ ጊዜ ተቃጥለው ለሚጣሉት አምፖሎች የተሠራ በመሆኑ ሹተሩ ሳይከፈት ቀድሞ ያበራል።