የቤት ክፍሎችን ከአኗኗር ጋር ስለ ማስማማት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በድሬዳዋና በሐረር የሰዎችን ቤት በማሰናዳት ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ስለ ቆየሁ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል በየትኛው ሰዓት፣ ማን፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ሲያደርግ እንደሚውል በወረቀት ላይ መዝግቡ። ከዚህ በታች የምሰጣቸው መልሶች ሁሉ የሚነሡት ከዚያ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ። ትልቁ ሶፋና ብፌው ሳሎኑን ስለ ሞሉት ልጆቹ የሚያጠኑበት ቦታ አጡ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ይህ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ሰፊውና ነፋሻው ክፍል በበዓልና በእሑድ ለሚመጣ እንግዳ ተጠብቆ ሲቀመጥ፣ ቤተሰቡ ሳምንቱን ሙሉ በጓዳና በኮሪደር ተጣብቦ ይኖራል። እንግዳን ማክበር ትልቅ ባህላችን መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን እንግዳ የሚከበረው በተቀባዩ ፊትና በሚቀርብለት ቡና እንጂ በብፌ ውስጥ በተደረደረ ብርጭቆ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ብፌውን ይሽጡትና ሳህኖቹን ከማድቤቱ ግድግዳ ላይ በሚሠራ መደርደሪያ ያስቀምጡ። ከሶፋው ሁለት ሰው የሚያስቀምጠውን ብቻ አስቀርተው በቀረው ግድግዳ ሥር ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከሥሩ የሚከፈት የእንጨት መቀመጫ ያሠሩ፤ ቀን ቀን የልጆቹ ብርድ ልብስና ትራስ እዚያ ውስጥ ይገባል። ለጥናት ደግሞ ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳ ላይ በማጠፊያ የሚያያዝ ጠረጴዛ ይበቃል። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ይጽፉበታል፤ ሲታጠፍ ከግድግዳው ከአንድ ጋት አይበልጥም። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ፣ አናጺው አጭር ሚስማር መትቶ እንዳይሄድ ይከታተሉ፤ በረጅም ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ) እና ብሎን ካልታሰረ ልጅ ሲደገፍበት ይነቀላል።

ጥያቄ፦ ሳሎናችን ወደ ምዕራብ የዞረ በመሆኑ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አያስቀምጥም። ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፤ ለውጥ የለውም።

መልስ፦ መጋረጃው ጥፋት የለበትም፤ የተሰቀለበት ቦታ ነው ችግሩ። ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ መጋረጃው ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ጥላው መቅደም ያለበት ከመስታወቱ ውጪ ነው። ይህንን የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1895 ዓ.ም. በኋላ ከዚራ በተባለው ሰፈር የተሠሩት የድሮ ቤቶች ያስተምራሉ፤ ሰፊው በረንዳና ከመስኮቱ ውጪ የሚዘጋው የእንጨት መዝጊያ ፀሐይዋን ገና ከደጅ ያስቀሯታል። ግቢ ካላችሁ ከመስኮቱ በላይ ሸራ ወይም የሸንበቆ መጋረጃ ወጥሩ፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ማኅበሩን አስፈቅዱ።

ሁለተኛው መንገድ ሰዓትን መጠበቅ ነው። ሌሊት ትይዩ የሆኑትን መስኮቶች ከፍቶ ቤቱን ማቀዝቀዝ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ውጪው መጋል ሲጀምር መዝጋት፣ አመሻሽ ላይ እንደገና መክፈት። ቬንትሌተር ሰውን እንጂ አየሩን ስለማያቀዘቅዝ፣ ሰው በሌለበት ክፍል ሲሽከረከር መዋሉ የመብራት ብክነት ነው። ቤታችሁ የቆርቆሮ ክዳን ካለው ደግሞ ከመጋረጃው ይልቅ ገንዘባችሁን ለኮርኒስ አውሉት፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር በግራና በቀኝ መውጫ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር ያለውን መቀመጫም ወደ ምሥራቁ አዛውሩት፤ ወጪ የለውም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ልዩነቱ ይታወቃችኋል።

ጥያቄ፦ በግንብ በታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ በጁገል ውስጥ ከአያቶቻችን የወረስነውን ቤት እያደስን ነው። ነደባዎቹን (ከፍ ከፍ ብለው የተሠሩትን የመቀመጫ መደቦች) አፍርሰን ወለሉን ሴራሚክ አልብሰን ዘመናዊ ሳሎን ልናደርገው አስበናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እባካችሁ አታፍርሱት። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የከተማውን የቅርስ ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ግዴታችሁ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከፈቃዱም በላይ፣ ለኑሮ እጅግ የተስማማ ክፍል አፍርሳችሁ የማይስማማ ልትሠሩ መሆናችሁ ነው። የሐረሪ ቤት አምስቱ ነደባዎች ከፍታቸው የተለያየው በከንቱ አይደለም፤ በዕድሜና በክብር ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ከበር ገብቶ ጥቂት የሚቆይ ሰው የት አረፍ እንደሚል፣ የቤቱ አባወራ ከዓይን ተከልሎ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ታስቦበታል። ሃያ ሰው አንድም ወንበር ሳይገባ ተቀምጦ የሚጫወትበት፣ ሁሉም እርስ በርሱ የሚተያይበት ሌላ ክፍል አላውቅም። የቀዩ ወለል አፈርም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል እየተባለ ለልጅ ልጅ የተነገረ ነው።

ዘመናዊ ምቾት ከፈለጋችሁ ነደባዎቹን ጥሩ ስፖንጅ ባለው ፍራሽ አልብሱ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን በነደባው ጠርዝ ሥር አሳልፉ፤ ቴሌቪዥኑን ከዋናው ክፍል አውጥታችሁ ወደ ጎን ክፍል አዛውሩት። ግድግዳውን በኖራ እንጂ በዘይት ቀለም አትቀቡት። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት የቤቱ ባለቤት ስለ ወደደው ብቻ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ዘይት ቀለም ቀብቼ ነበር። በማግሥቱ ክረምት ድንጋዩ የያዘው እርጥበት መውጫ አጥቶ ቀለሙን እንደ እንጀራ ዓይን አሳበጠውና ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ በጣት ሲነካ ይረግፍ ነበር። ፍቄ በኖራ እስክመልሰው ድረስ ሰላም አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ለበርጫ (ጫት ለመቃም) እና ለቡና የሚሰባሰብበት ክፍል መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ የተሞላ ነው። እናቴ ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መነሣት ይቸግራቸዋል።

መልስ፦ ለእርሳቸው ብቻ ወንበር ማምጣት ከጨዋታው ያገልላቸዋል፤ ሁሉን ከላይ ሆነው የሚመለከቱ ይመስላቸዋልና። ይልቁንም አንዱን ጥግ በእንጨት ከፍ አድርጋችሁ ከነፍራሹ 45 ሳንቲ ሜትር አድርሱት፤ ጨርቁና ትራሱ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከጎኑም ሲነሡ የሚጨብጡት ጠንካራ መደገፊያ ይኑረው። ረከቦቱን እዚያው አጠገብ አድርጉት። ከሰል የሚያያዝበት ክፍል ስለ ሆነ ቡናው እስኪያልቅ ድረስ አንድ መስኮት ሳይዘጋ ይቆይ፤ የከሰል ጭስ ሳይታወቅ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ በሥራ ዝውውር ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ልንሄድ ነው። ዕቃችንን እንዳለ ብንወስደው ይስማማል?

መልስ፦ መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ድሬዳዋ 1,200፣ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የአየሩ ጠባይ ሌላ ነው። ለድሬዳዋ ባዶ ሴራሚክና ሰሌን የሚስማማውን ያህል ለሐረር ምሽት ምንጣፍ ያስፈልጋል። ስሱን መጋረጃ ውሰዱት፤ ከኋላው ግን ወፍራም ጨምሩበት።

ጥያቄ፦ በረንዳዬን በአበባ ማስዋብ እወዳለሁ። ጎረቤቶቼ ግን ትንኝ ታመጪብናለሽ ይሉኛል።

መልስ፦ አበባው ሳይሆን ከማሰሮው ሥር ያለው ውኃ የሚቋጥር ሳህን ነው ትንኝ የሚያመጣው። ድሬዳዋ ላይ በ2014 ዓ.ም. ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በበርሜልና በሮቶ ውኃ ውስጥ ትራባለች፤ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ የምትናከሰው በቀን ነው። ስለዚህ ሳህኖቹን በአሸዋ ሙሏቸው፣ የውኃ በርሜሉን በደንብ ክደኑት፣ መስኮቶቹን በወንፊት ሽቦ አልብሱ። የመኝታ ክፍል ስታሰናዱ ደግሞ የአጎበሩን ማንጠልጠያ ከአልጋው ጋር አብራችሁ አስቡበት፤ ኋላ የሚጨመር ከሆነ ሁልጊዜ መንገድ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ የተከራየነው ቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት አልተፈቀደልንም። የእናቴን የሐረር ሰፌዶች የት ልስቀላቸው?

መልስ፦ ከጣሪያው ሥር ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ አንድ እንጨት ላይ በክር ማንጠልጠል ይቻላል፤ እንጨቱ ጫፍና ጫፉ ላስቲክ ለብሶ በጥብቀት ከገባ ሚስማር አያስፈልገውም። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ግን አይሁን፤ የተነከረው ስንደዶ ቀለሙን ይለቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ አውርደሽ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጊያቸው፤ ውኃ አታስነኪያቸው።