እናቷ «ሕግ እንዳትማሪ» ላሏት ተማሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ጨርሰሻል። ውጤትሽ ሕግ ትምህርት ክፍል ያስገባሻል። ምርጫው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እናትሽ ግን «ነፍሰ ገዳይ አስለቅቀሽ በምታመጪው ብር እንጀራ አልበላም» ብለውሻል። የኪስ ገንዘብ የሚልኩልሽ አጎትሽ ደግሞ አካውንቲንግ ግቢ ይሉሻል። አንቺም ሰው ፊት መናገር እንደምትፈሪና የመውጫ ፈተናው እንደሚያስጨንቅሽ ጽፈሻል።

ቀላሉን ላስቀድም። ችሎት ላይ የሚረታው ጮክ ብሎ የሚናገር ሳይሆን መዝገቡን በደንብ ያነበበ ነው። ስለዚህ ዓይን አፋርነትሽ አያስፈራኝም። የመውጫ ፈተና አካውንቲንግም አለው፤ ከእሱ ሸሽተሽ የትም አትደርሺም።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ያንን ንግግር የእኔም እናት ብላኛለች። ዘጠኝ ዓመት ተከላካይ ጠበቃ ነበርኩ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆምለት ጠበቃ ማለት ነው። እናትሽን አከብራቸዋለሁ። በዚህ ነገር ግን ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውም የብዙ ሰው ስህተት ነው።

ፖሊስ የያዘው ሰው ተጠርጣሪ ይባላል። ዓቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይሆናል። ጥፋተኛ የሚባለው ፍርድ ቤት ማስረጃ ሰምቶ ሲፈርድበት ብቻ ነው። በሰፈር ወሬ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። እጁ ላይ ካቴና የታየ ሁሉ «ወንጀለኛው» ነው። ሕግ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የምትማሪው ይህንን ልዩነት ነው። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከእሱ በኋላ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ ሰውየውን አስሮ ለማቆየት የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ መፍቀድ አይችልም። ይህን የሚለው በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ በሂደቱ ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደልበት ከሆነም ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። እኔን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ ይህ አንቀጽ ነው።

አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር። ሃያ ዓመት እንኳን አልሞላውም። ማታ መንገድ ላይ ጩቤ አውጥተህ ስልክ ቀምተሃል ተብሎ በውንብድና ተከሰሰ። መጀመሪያ ያገኘሁት ችሎት በር ላይ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ምን ብለህ ነበር ስለው «ፈርምና ትሄዳለህ አሉኝ፣ ፈረምኩ» አለኝ። ያለመናገር መብት እንዳለው የነገረው ሰው አልነበረም።

የግል ተበዳይ ለምስክርነት ቀረበ። ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ስልኩንም በእርግጥ ተቀምቷል። በመስቀለኛ ጥያቄ «ቦታው ላይ መብራት ነበር ወይ?» አልኩት። «አልነበረም» አለ። «ፊቱን አይተውታል?» ስለው ትንሽ ዝም አለና «ሹራቡን ነው ያየሁት፣ ቀይ ሹራብ» ብሎ መለሰ። በዚያ ሰሞን ያንን ሹራብ የሰፈሩ ጎረምሳ ግማሹ ይለብሰው ነበር። ከዚያ በቀር ዓቃቤ ሕግ የነበረው ያ ፊርማ ብቻ ነው። ዳኛው ልጁ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ አሰናበቱት።

እስከዚያ ድረስ ግን አሥራ አንድ ወር ታስሯል። እናቱ አሥራ አንድ ወር ስንቅ አመላልሰዋል። የተፈታ ቀንም የዚያን ዕለቱን ስንቅ በፌስታል ይዘው ነበር። የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ አስቀምጠውት እያለቀሱ አጎረሱት። እናትሽ አልበላም የሚሉት እንጀራ ይህንን ነው?

«እሱ ንፁህ ነበር፤ ያጠፋ ሲሆንስ?» ትይኝ ይሆናል። ያጠፉም ብዙ ነበሩ። አንዱ በጠብ መሀል ሰው ገድሏል፤ ድርጊቱንም አምኗል። ዋሽቼ ላስለቅቀው አልሞከርኩም። ሐሰተኛ ምስክር የሚያዘጋጅ ጠበቃ ራሱ ወንጀለኛ ነው። የእኔ ሥራ ሰውየው በሠራው ልክ እንዲቀጣ ማድረግ ነበር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 አስቦበትና ተዘጋጅቶ የገደለ በዕድሜ ልክ ወይም በሞት ይቀጣል። አንቀጽ 540 ደግሞ እንዲያ ሳይዘጋጅ ሰው የገደለውን ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ክሱ የመጣው በ539 ነበር። ተከራከርን፤ ፍርድ ቤቱ በ540 ጥፋተኛ አለው። ሰውየው እስር ቤት ገባ፣ አልተለቀቀም። የሟች ቤተሰብም ሲፈረድበት በጆሮው ሰማ። ለእናትሽ ይህንን ንገሪያቸው።

ይህንንም ጨምሪላቸው። በልጅነታቸው ሁለት ሰው ሲደባደብ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሳይሰሙ አይቀሩም። ያ ቃል ተሳዳጁን ብቻ ሳይሆን አሳዳጁንም ያቆመው ነበር። ጠበቃም የሚሠራው ያንኑ ነው።

ስለ አጎትሽ አጥብቄ ነው የምናገረው። የሚልኩልሽ ገንዘብ ትልቅ ውለታ ነው። ውለታ ግን ሥራ ስትይዢ በገንዘብም፣ ታናናሾችሽን በማስተማርም ይመለሳል፤ ሙያሽን አሳልፈሽ አትከፍዪበትም። «ቶሎ ትመረቅልን» የሚለውንም ቁጭ ብለሽ አስይው። ሕግ አምስት ዓመት ነው፣ አካውንቲንግ አራት። በአንድ ዓመት ምክንያት ነው የአርባ ዓመት ሥራሽን ሌላ ሰው የሚመርጥልሽ? ስለ ደመወዙም አልደብቅሽም። የተከላካይ ጠበቃ ደመወዝ የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ ቤት አያሠራም። ዲግሪው ብቻውንም ጠበቃ አያደርግሽም፣ የጥብቅና ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅብሻል። ዓቃቤ ሕግነት አለ፣ ዳኝነት አለ፣ ባንክ ገብቶ የሕግ ጉዳዩን የሚይዝ ነገረ ፈጅ መሆን አለ። ገንዘቡ ከቸኮለብሽ የባንኩ ይሻላል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ከተከላካይ በኩል ጀምሪ። መርማሪውም፣ ዓቃቤ ሕጉም፣ ዳኛውም የት ላይ እንደሚሳሳቱ ከዚያ ወንበር ሆነሽ በደንብ ታያለሽ።

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አንድ ነገር አድርጊ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ባለሽበት ከተማ ፍርድ ቤት ሄደሽ ወንጀል ችሎት ግቢ። ስልክሽን አጥፊና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ። የተቻለሽ እንደሆነ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ዳኛው «የክስ መቃወሚያ አለህ?» ሲሉት ምን ብሎ እንደሚመልስ አብራችሁ ስሙ። ከዚያ ስትወጡ ግቢው ውስጥ ስንቅ ይዘው የተቀመጡ እናቶች ታገኛላችሁ። እናትሽ አጠገባቸው አረፍ ይበሉና ትንሽ ያጫውቷቸው። ቤት ስትገቡ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ ምርጫው ከመዘጋቱ በፊት እመልስልሻለሁ።